አባቴ፣ ወንዙና የፈረንጆቹ ጳጳስ

አስቀድሜ ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናገር። እኔ ቶሎ የምቆጣ ሰው ነኝ። እናቴ «ይቺ ልጅ ስትወለድ ያለቀሰችው ተናዳ ነው» ትላለች። ይህን የምነግራችሁ ቁጣዬ ምንም ያልፈየደልኝን አንድ ቀን ላጫውታችሁ ስለሆነ ነው።

ያኔ ሐይቅ ከተማ፣ ውሃው ዳር ካለ አንድ ማረፊያ ውስጥ እሠራ ነበር። ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ጠብሼ አቀርባለሁ፤ እንግሊዝኛ ስለምሞካክር ደግሞ የውጭ እንግዳ ሲመጣ በጀልባ አብሬ እየዞርኩ ወፉንና ገዳሙን አሳያለሁ። ገዳሙን አሳያለሁ ስል በሩ ድረስ ማለቴ ነው። ሴት ነኝ፣ በዚያ ላይ ሙስሊም ነኝ፤ እንግዳው ገብቶ እስኪወጣ ውጭ ጥላ ስር ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። መነኮሳቱ ለምደውኛል፣ አንዳንዴ ዳቦ ይልኩልኛል።

የዚያን ሰሞን እንግዳዬ ሙሴ ፒየር የሚባሉ የቤልጅየም ሽማግሌ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ዳቦ ሲጋግሩ ኖረው፣ ጡረታ ከወጡ በኋላ ወፍ ለማየት አገር ላገር የሚዞሩ ሰው ናቸው። የሚገርመኝ ግን የወፍ ነገር ሳይሆን የውሻ ነገራቸው ነበር። ጠዋት ጠዋት ከቁርሳቸው ቆርሰው ለማረፊያው ውሻ ሳይሰጡ ራሳቸው አይቀምሱም።

«ምነው ሙሴ፣ ውሻ ይቅደም የሚል ሕግ አለባችሁ እንዴ?» አልኳቸው አንድ ቀን ጠዋት ጀልባ ላይ ሳለን።

ሳቁና ከአንገታቸው አንድ ትንሽ የብር ሜዳሊያ መዘው አሳዩኝ። አጋዘን ተቀርጾበታል፤ በቀንዶቹ መሃል መስቀል አለ።

«የተወለድኩባት ከተማ የምትጠራው በዚህ ቅዱስ ስም ነው» አሉኝ። «ቅዱስ ሁበርት። በሱ በዓል ዳቦ እናስባርካለን፤ ያን ዳቦ ውሾችም ይበላሉ። አባቴም አያቴም ይጋግሩት ነበር።»

ታሪኩንም ነገሩኝ። ያ አገር ገና ቤልጅየም ሳይባል፣ ፍራንኮች የሚባሉ ሕዝቦች በሚገዙበት ዘመን፣ ሁበርት የሚባል የመኳንንት ልጅ ነበር አሉ። ሚስቱ ስትሞትበት ሐዘኑን በአደን ለመርሳት ጫካ ለጫካ መዞር ጀመረ። በስቅለት ዕለት ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ እሱ ውሾቹን አስከትሎ አደን ወጣ። አንድ ትልቅ አጋዘን ሲያባርር፣ ሲያባርር፣ አጋዘኑ ቀጥ ብሎ ቆመና ዞረ። በቀንዶቹ መሃል መስቀል ያበራል፤ «ሁበርት፣ እስከ መቼ ነው የምትሮጠው?» የሚል ድምፅም ሰማ። ከዚያ ወዲያ ሀብቱን ሁሉ ትቶ መነነ፤ በኋላም ጳጳስ ሆነ። ከሞተ በኋላ እብድ ውሻ የነከሰው ሰው ሁሉ ወደሱ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ልማድ ሆነ። ካህናቱ ከጳጳሱ የአንገት ልብስ አንዲት ክር መዝዘው፣ የበሽተኛውን ግንባር ትንሽ ሰንጠቅ አድርገው ክሯን እዚያ ይቀብሯት ነበር።

«ክር በግንባር?» ብዬ ስስቅ ስልኬ ጠራ። እናቴ ነበረች።

«ዘሀራ፣ አባትሽን ውሻ ነከሰው። ትናንት፣ ማሽላው ውስጥ። ለሀጩን እያዝረከረከ የመጣ ውሻ ነው፤ ሰዎቹ ገደሉት። አባትሽ ሐኪም ቤት አልሄድም ብሏል። ተደብቄ ነው የምደውልልሽ።»

የኛ ቤት አምባሰል ውስጥ፣ ከተራራው ግርጌ ነው። ጀልባው ዳር እስኪደርስ አልጠበቅሁም። ውጫሌ ጤና ጣቢያ ወደምታውቀኝ ነርስ ደወልኩ፤ ክትባቱ ነገ ጠዋት በበረዶ ሳጥን እንደሚገባላቸው ነገረችኝ። «ሳጥኑን ይዤ ቤታችሁ ልመጣ አልችልም፣ ሰውየውን አምጪው» አለች። «ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውሃ እጠቡት። ደግሞ አትዘግዪ። በሽታው አንዴ ከታየ የምናደርገው ነገር የለም።»

ሙሴ ፒየር ነገሩን ሲሰሙ «እኔም እመጣለሁ» አሉ። ለመከራከር ጊዜ አልነበረኝም። ሚኒባስ ይዘን ውጫሌ፣ ከዚያ ባጃጁ እስከሚሄድበት ድረስ በባጃጅ ሄድን። የቀረው በእግር ነው፤ መንደራችን ከመድረሳችን በፊት ደግሞ ወንዙ አለ። ውሃው ከጉልበት አይበልጥም፣ ድንጋዩ ግን ያንሸራትታል። ሙሴ ፒየር መሃል ላይ ዘጭ ብለው ተቀመጡ፤ መነጽራቸውን ወደ ላይ ይዘው ከውሃው ውስጥ ይስቃሉ። እኔ ለመሳቅ አቅም አልነበረኝም።

አባቴን ግራሩ ስር ተቀምጦ ገመድ ሲገምድ አገኘሁት። እግሩ በነጠላ ቁራጭ ታስሯል። ሲያየን ፊቱ በራ።

«አንች፣ ደግሞ ፈረንጅ ይዘሽልኝ መጣሽ? ሽማግሌ መላክ ሲገባው ራሱ ሽማግሌው መጣ!» አለ።

«አባ፣ የቀልድ ሰዓት አይደለም። ተነስ!»

«አብሽሪ። አረፍ በይ። እንግዳውንም አሳርፊ።»

ነጠላውን ፈትቼ ቁስሉን በሳሙና ማጠብ ጀመርኩ። ባቱ ላይ የጥርሱ ምልክት ቁልጭ ብሎ ይታያል። እያጠብኩ ስለ መርፌው ነገርኩት። አዳመጠኝና፣ «ወንዙንስ?» አለኝ።

«ወንዙን ምን?»

«አለቃ ወልዴ መድኃኒት አጠጥተውኛል። አርባ ቀን ወንዝ አትሻገር ብለውኛል። ከተሻገርኩ መድኃኒቱ ይረክሳል።»

አለቃ ወልዴ ከሸንተረሩ ላይ የሚኖሩ የአገራችን መድኃኒት አዋቂ ናቸው። እሳቸው ክርስቲያን፣ እኛ ሙስሊም፤ በኛ አገር ይህን የሚቆጥር የለም፣ ሁሉም ሲታመም እሳቸው ዘንድ ይሄዳል። የሀበሻ መድኃኒት የወሰደ ሰው ወንዝ አይሻገርም የሚለውን ሕግ ደግሞ ከሕፃን እስከ አዛውንት ያውቀዋል። በመንደራችንና በውጫሌ መካከል ያ ወንዝ አለ። ሌላ መንገድ የለም።

ጮህኩ። ጎረቤት እስኪሰማ ጮህኩ። «የሚገድልህ ወንዙ ሳይሆን ውሻው ነው!» አልኩት። «ይሄን ቅጠልህን ይዘህ ልትሞት ነው? እማን ምን ልትላት ነው?» አልኩት። እናቴ ማጀት በር ላይ ቆማ በሻሿ አፏን ይዛለች። አባቴ ገመዱን አስቀመጠና በጣም ቀስ ባለ ድምፅ፣

«ሁሴንን ማን ገደለው?» አለኝ።

ሁሴን የአባቴ የልብ ጓደኛ ነበር። ልጅ ሳለሁ እብድ ውሻ ነክሶት ሞቷል። ውሃ ሲያቀርቡለት ጉሮሮው እየታነቀ ጣሳውን ሲገፋ መንደሩ ሁሉ አይቷል። ከዚያ ወዲህ እኛ ዘንድ ሰው ውሻ ከነከሰው ቤተሰቡ ሁሉ ውሃ ሲጠጣ ጉሮሮውን ያያል። እናቴም ከትናንት ጀምሮ ለአባቴ ውሃ በሰጠችው ቁጥር አንገቱን ትኩር ብላ እያየች ነበር።

«መድኃኒት ጠጥቶ ነበር» አለ አባቴ። «ሲብስበት ጤና ጣቢያ እናድርሰው ተባለ። መሄድ ስላቃተው አዘልኩት። ወንዙን በጀርባዬ ያሻገርኩት እኔ ነኝ። መሃል ላይ ሲደክመኝ ትልቁ ድንጋይ ላይ አሳረፍኩት፤ 'ሰይድ፣ መልሰኝ' አለኝ። አልመለስኩትም። በነጋታው ሞተ። ወላሂ ዘሀራ፣ ይሄን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።»

ያን ሁሉ ዓመት አባቴ ወንዙን በተሻገረ ቁጥር ለምን ዝም እንደሚል ያኔ ገባኝ። እጄ ላይ ሳሙናው ደረቀ።

ሙሴ ፒየር «ምን አለ?» ብለው ጠየቁኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው። አባቴ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ ብለው ያንን ሜዳሊያ ከአንገታቸው አወጡ። ደነገጥኩ።

«ሙሴ፣ እባክዎ ያንን ታሪክ አሁን አይንገሩት» አልኳቸው በእንግሊዝኛ። «የክሩን ነገር ከሰማ ጭራሽ አይነሳም።»

«ሁሉንም ተርጉሚ» አሉኝ። «አንድም ቃል እንዳታስቀሪ።»

ደሜ ፈላ። ይሄ ሰውዬ በፈረንጅ ተረት አባቴን ሊያስቀርብኝ ነው ብዬ አሰብኩ። ግን አማራጭ አልነበረኝም፤ ተረጎምኩ። አጋዘኑን፣ መስቀሉን፣ ጳጳስ መሆኑን፣ ክሩን። አባቴ ሜዳሊያውን በመዳፉ ይዞ ያገላብጠዋል።

«የፈረንጅ ወልይ ነው በይኛ» አለ። «ከዚያስ?»

ከዚያ እኔም ያልሰማሁት ነገር መጣ። የሙሴ ፒየር ሴት አያት ልጅ ሆነው ውሻ ነክሷቸው ነበር። እናታቸው ወደ ጳጳሱ ቤተ ክርስቲያን ወሰዷቸው፤ ካህኑ ክሩን ግንባራቸው ላይ አደረጉላቸው፣ ደንብም ሰጧቸው። አርባ ቀን ፀጉራቸውን ማበጠር አይችሉም።

«አርባ?» አለ አባቴ ቀና ብሎ። «እነሱም ጋ አርባ ነው?»

«እነሱም ጋ አርባ ነው» አልኩት።

ያን ጊዜ ለዚህ በሽታ አዲስ መርፌ ወጥቷል፣ በትልቁ ከተማ ይሰጣል የሚል ወሬ ደረሰ። የልጅቱ አጎት በባቡር ልውሰዳት አለ፤ እናትየዋ እንቢ አለች። ለምን ቢባል፣ ሐኪም ቤቱ የገባውን ልጅ ሁሉ ለቅማል ብሎ ያጥባል፣ ያበጥራል። ከተበጠረች ደግሞ ደንቡ ፈረሰ፣ ልጄ ሞተች ብላ አለቀሰች።

«ታዲያ ቀረች?» አለ አባቴ። ገመዱን ረስቶታል።

«አልቀረችም» አሉ ሙሴ ፒየር። «እናትየዋ መርፌና ክር አመጣችና በልጅቱ ራስ ላይ የጨርቅ ቆብ ሰፋችባት። አገጯ ስር ድርብ አድርጋ ሰፋችው። ነርሶቹ ቢታገሉ፣ ቢለምኑ ሊያወልቁት አልቻሉም። አያቴ ቆቧን እንዳደረገች መርፌዋን ሁሉ ተወግታ ወጣች። አርጅታ ነው የሞተችው። እኔ ልጅ ሆኜ ፀጉሯን አበጥርላት ነበር።»

ይህን ስተረጉም የአባቴ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እያለቀሰ መስሎኝ ነበር፣ እየሳቀ ነው። «ሰፋችባት!» ይላል፣ እንባውን ይጠርጋል፣ እንደገና «ሰፋችባት!» ይላል። እናቴም ከበሩ ላይ ሳቀች።

ሳቁ ሲያባራ ተራራውን ቀና ብሎ አየ።

«ወንዝ በቆብ አይሸፈንም» አለ። «ግን ራስ አለው። ምንጩ ከአለቃ ወልዴ ቤት በታች አይደል የሚነሳው? ከምንጩ በላይ ከዞርን ወንዝ ተሻገርን አይባልም። በወዲያ በኩል በሸንተረሩ ወርደን ውጫሌ እንገባለን።» ከዚያ ወደ እናቴ ዞረ። «ዱላዬን አምጭልኝ። አለቃን ግን ሳልጠይቅ አልሄድም።»

ዓመቱን ሙሉ ፍየልና የአለቃ ወልዴ በሽተኛ ካልሆነ በቀር ማንም የማይወጣው ዳገት ነው። አባቴ እያነከሰ ከፊት፣ እናቴ ጀሪካን ይዛ ከኋላው፣ እኔ ሙሴ ፒየርን እየጎተትኩ ተከተልን። እናቴ ባረፍን ቁጥር አባቴን ውሃ ታጠጣዋለች፣ ጉሮሮውን ታያለች፣ ትተነፍሳለች። እኔ ደግሞ በልቤ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አለቃ ወልዴ እንቢ ካሉ አለቀልን።

ምንጩ ጋ ስንደርስ ውሃው ከቋጥኙ ስር ይፈልቃል። ከቋጥኙ በላይ ዞርን። እዚያ ግን ያላሰብነው ነገር ጠበቀን፤ የሌሊቱ ዝናብ ከላይ ያወረደው፣ ሁለት ጣት የማይሞላ ውሃ በሣሩ መሃል ይሄዳል። አባቴ ዱላውን ተክሎ ቆመ።

«ይሄስ?» አለ።

ልጮህ አፌን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት። ያን ቀን ያደረግሁት ትልቁ ነገር እሱ ሳይሆን አይቀርም። በምትኩ ወደ አለቃ ወልዴ ቤት አቅጣጫ ተጣራሁ። እሳቸው ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ወደ ታች ወረዱ፤ ከውሃዋ ወዲያ ማዶ ቆሙ። አባቴ ሁሉንም አንድ ባንድ ነገራቸው፤ መርፌውን፣ ቆቧን፣ ጳጳሱን ሳይቀር።

አለቃ ፊታቸውን ቅጭም አድርገው ሰሙት።

«ሰይድ» አሉ በመጨረሻ፣ «እኔ ወንዝ አትሻገር አልኩህ እንጂ መርፌ አትወጋ መቼ አልኩህ?»

«አላሉኝም።»

«ታዲያ ትናንት ስትመጣ እግረ መንገድህን አትሄድም ነበር?»

«ይሄ ውሃ ግን?» አባቴ በዱላው አሳያቸው።

አለቃ ጎንበስ ብለው ውሃዋን እንደ እንግዳ ነገር መረመሯት። መቋሚያቸውን ነከሩባት፤ ወዲያው መሬት ነካ። «ትናንት አልነበረም፣ ነገ አይኖርም» አሉ። «ዝናብ ነው እንጂ ወንዝ አይደለም። ና ተራመድ!»

አባቴ «ቢስሚላህ» ብሎ ተራመደ። እናቴ እልል አለች። አለቃ ወልዴ ሙሴ ፒየርን ከላይ እስከ ታች አዩና «የጳጳሳችሁ ክር ከተረፋችሁ ላኩልኝ በያቸው» አሉኝ። ሙሴ ፒየር ከልባቸው ሳቁ፤ እኔም ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ።

ውጫሌ ስንገባ ጀምበር ገና አልጠለቀችም፤ አክስቴ ለይላ ቤት አደርን። በነጋታው ሳጥኑ እንደተባለው መጣ። ነርሷ መጀመሪያ ቁስሉ ዙሪያ፣ ከዚያ ክንዱን ወጋችው። አባቴ መርፌውን አላየም፤ እሷን ነበር የሚያየው።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አላት። ስለ ሁሴን ነገራት። ጣሳውን እንደገፋ፣ እንዳዘለው፣ መልሰኝ እንዳለው።

ነርሷ ጓንቷን አወለቀችና አጠገቡ ተቀመጠች። «አባባ፣ ሰውየው ውሃ ከፈራ በኋላ እርስዎ ጋርም ቢቀመጥ፣ አዲስ አበባም ቢሄድ አይተርፍም ነበር። ወንዙ ምንም አላደረገውም። እርስዎም ምንም አላደረጉትም። ጓደኛዎን ለማዳን ነው ያዘሉት።»

አባቴ ሰው ፊት ሲያለቅስ ያን ቀን አየሁት። ረጅም ጊዜ አለቀሰ፣ ነርሷም አላቋረጠችውም። ከዚያ ተነስቶ «አልሐምዱሊላህ» አለና ለሚቀጥለው መርፌ መቼ ልምጣ ብሎ ጠየቃት።

አርባውን ቀን አክስቴ ቤት ከረመ። የቀሩትን መርፌዎች አንድም ሳያጓድል ጨረሰ። ሙሴ ፒየር አገራቸው ከመግባታቸው በፊት ሊሰናበቱት መጡ፤ አባቴ ዳቦ ቆርሶ መጀመሪያ ለአክስቴ ውሻ ጣለላት፣ ከዚያ ለሳቸው ሰጣቸው። «ለወልያችሁ ሰላም በሉልኝ» አላቸው።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ሁለት ነገር ልበላችሁ። ውሻ የነከሰው ሰው ቤታችሁ ካለ ቁስሉን በሳሙና እጠቡ፣ በዚያው ቀን ይዛችሁት ሂዱ። ይሄ ክርክር የለውም። ሁለተኛውን የተማርኩት ከአንድ ዳቦ ጋጋሪና ከሺህ ዓመት በፊት ከሞተ ጳጳስ ነው። የምትወዱት ሰው አልሄድም ሲላችሁ ከመጮሃችሁ በፊት ምን እንደያዘው ጠይቁት። አባቴ መርፌ አልጠላም፤ ወንዙን በማሻገሩ ጓደኛውን የገደለው መስሎት ነበር። እኔ ዛሬም ቁጡ ነኝ፣ አልዋሽም። ግን ጩኸቱ አፌ ላይ ሲደርስ ያቺ በሣሩ መሃል የምትሄደው ውሃ ትዝ ትለኛለች።

አርባው ሲሞላ አባቴን ወደ ቤቱ ይዤው ሄድኩ። «በላይ እንዙር?» ብዬ ቀለድኩበት። ጫማውን አውልቆ ወንዙ ውስጥ ገባ። እናቴ ወዲያ ማዶ ቆማ ትጠብቀናለች። መሃል ላይ፣ ትልቁ ድንጋይ ጋ ሲደርስ ቆመ። እጁን ድንጋዩ ላይ አሳረፈና ለራሱ ጥቂት ነገር አወራ፤ ከቃሉ የሁሴንን ስም ብቻ ነው የሰማሁት። ከዚያ ጎንበስ ብሎ በሁለት መዳፉ ውሃውን ጨለፈና ጠጣ። ደግሞ ጨለፈ፣ ደግሞ ጠጣ። እናቴ ከማዶ ጉሮሮውን እያየች ነበር።

«በቃህ አንተ፣ ለከብቶቹም አስቀር!» አለችው፤ ድምጿ ግን ተሰበረ።

አባቴ አፉን በእጅጌው ጠረገና እየሳቀ ወደሷ ወጣ።